ሦስት ክፍል የዘለለው ልጅ

በእኛ ጊዜ ደብል የመታ ተማሪ የሚዘለው አንድ ክፍል ነበር፤ ለዚያውም ርእሰ መምህሩ አስጠርተው፣ ፈትነው፣ አባቱን አነጋግረው። ይኼ ኖድ ጄኤስ የሚሉት ፕሮግራም ግን ማታ ዜሮ ነጥብ አስራ ሁለት ሆኖ ተኝቶ ጠዋት አራት ሆኖ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የት ገቡ? ብዬ ስጠይቅ ቢሮ ያሉት ልጆች "ጋሼ፣ መርጅ ነው" አሉኝ። መርጅ ሲሉ መርግ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ። ኖድ በ2009 ተወልዶ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዜሮ ነጥብ ምናምን አልወጣም። ዜሮ ነጥብ አስር በ2013 ብቅ አለና ቀጣዩን ስንጠብቅ ሁለት ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረው። መዘግየቱና የአንድ ኩባንያ ቃል መግነኑ ያንገበገባቸው ፕሮግራመሮች በ2014 መጨረሻ ኮዱን ይዘው ከቤት ወጡ። ኮዱ የሁሉም ነው፤ ስሙ ግን የጆየንት ኩባንያ የንግድ ምልክት ነበር። ስለዚህ የነሱን "አይኦ ጄኤስ" አሉት። አይኦ! ለቅሶ ቤት ደጃፍ የሚሰማ ድምፅ እንጂ ይኼ ስም ነው? በጃንዋሪ 2015 አንድ ብለው ጀመሩ፣ በኦገስት ሦስት ደረሱ።

ከዚያ እርቅ ወረደ። በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር የጋራ ቤት ተሠራላቸውና ተቀላቀሉ። ፍርዱን ሳየው፣ እውነቱን ልናገርና፣ የአገር ሽማግሌ የተቀመጠበት ይመስላል፤ ስሙ የቤቱ፣ ቁጥሩ የኮብላዩ። ኮብላዩ ሦስት ላይ ነበርና በሴፕቴምበር የወጣው የጋራ ልጅ አራት ተባለ። ወደ ኋላ የተመለሰ የለም። አልወደድኩትም፤ ይግባኝም የለኝ።

ግን እኔን ማን ጠየቀኝ? ቨርዥኑን በነጥብ ሰንጥቆ ሁለተኛዋን ቁጥር የሚያይ መስመር ጽፌ ነበር፤ ከአስር ካነሰች "አርጅቷል" ይላል። ዜሮውማ መቼ ይነቃነቃል ብዬ! አራት ነጥብ ዜሮን የጫንኩ ዕለት ሁለተኛዋ ዜሮ ሆነችና ስክሪኑ በቀይ "አርጅቷል" አለኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "ማንን ነው ጋሼ?" ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ይኼ ሳያንስ የዕድሜ ድልድል መጣ። ለሁለት የሚካፈለው ቁጥር ረጅም ድጋፍ ተሰጠው፤ ጎዶሎው የወራት እንግዳ ሆነ። አራት እስከ ኤፕሪል 2018 ሲኖር፣ አምስት በኦክቶበር 2015 ተወልዶ በዓመቱ ጁን ላይ ተቀበረ። ዕድሜ ለተሰጣቸው ደግሞ የክርስትና ስም አለ፤ ከኬሚስትሪ ሰንጠረዥ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ። አራት አርጎን፣ ስድስት ቦሮን፣ ስምንት ካርቦን እያሉ ወረዱ። ጄ ላይ ሲደርሱ በጄ የሚጀምር ንጥረ ነገር ጠፋ። ጀርመኖች አዮዲንን በጄ ጽፈው "ዮድ" ይሉታል፤ ያንን ተበድረው ለሃያ ሁለት ሰጡት። ልጆቹ "ጆድ" ይሉታል። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ላርማቸው ብዬ "ዮድ ነው!" ብል፣ አንዱ ጃኬቱን አነሣ።

ዮድ አልኩ እንጂ ዮድ አቢሲኒያ አልኩ?