ነጭ ዶሮ በሁዳዴ

የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ የሚዞር ሐኪም ነው። ትምህርቱ 4 ዓመት ነው። ስሙ ጥቁር አንበሳ ይመዝገብ እንጂ አንዴ ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ዘውዲቱ፣ አንዴ ለቃጠሎ የካቲት 12፣ አንዴ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ ወደተቋቋመው አለርት ይላካል። የኦ.አር. ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ በየሄደበት እንግዳ ነው።

የኔ ተራ ደርሶ ቃጠሎ ክፍል ገባሁ። እሳት የበላው ቆዳ ሲድን ይኮማተራል፤ አገጭን ከደረት፣ ክንድን ከጎን ያጣብቃል። አንዱ መላ ጠባሳው ላይ የ“ዜድ” ፊደል ስሎ፣ በመስመሩ ቆርጦ፣ ሁለቱን ጫፎች አቀያይሮ መስፋት ነው፤ ቆዳው ይረዝማል። ወረቀት ላይ ግሩም አድርጌ እስለዋለሁ። ሲኒየሬ ግን ስፌቴን አየና (ምን እንዳለ ይቅር) “ሂድና የዶሮ ቆዳ ላይ ተለማመድ” አለኝ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና ያን ሰሞን በሕልሜም የምሰፋው ዜድ ነበር።

ከዲዩቲ እንደወጣሁ፣ እንቅልፍ በቅጡ ሳልጠግብ፣ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ሾላን ታውቁታላችሁ፤ በርበሬው ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። ቅቤ ተራው ግን ጭር ብሏል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሆስፒታል ለሚያድር ሰው ወሩ የሚቆጠረው በዲዩቲ ሰሌዳ እንጂ በባሕረ ሐሳብ አይደለም። ለካ 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ ገብቶ ኖሯል! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ከስንት ፍለጋ በኋላ ያገኘሁትን ባለዶሮ “ነጭ አለህ?” አልኩት። የምስለው መስመር ጎልቶ እንዲታየኝ ነው፤ ላባዋ ከነጣ ቆዳዋም ይነጣል የሚል የራሴ ሳይንስ ነበረኝ።

ልጁ ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ገብስማ አይሆንም?” አለኝ።

“አይሆንም። ደግሞ ሥጋዋን አልፈልገውም፤ ቆዳዋን ብቻ ነው።”

ከጎኑ ቅመም የዘረጉ እናት ሰፌዳቸውን አስቀምጠው አማተቡ። “ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያለውን ያዘዘልህ?”

“ከበላዬ ያለው ነው እማማ። ካላደረግሁ አይለቀኝም።”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። እኔ ግን ነገሩን ላፍታታ ብዬ “ቆዳዋ ላይ ፊደል እጽፍበትና እቆርጠዋለሁ” አልኩ። ባለሽንኩርቷ ልጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች። ባለዶሮው ዶሮውን ወደ ቅርጫቱ መለሰ። እማማ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ሳልውል ሳላድር እንድገባ መከሩኝ።

“የካ ሚካኤልን! ሐኪም ነኝ” አልኩ።

“እነሱስ ሐኪም ነን አይደል የሚሉት?”

ባጄን ብፈልግ የለም፤ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ከሱሪዬ ኪስ የወጣው መርፌና ጥቁር ክር ነው። የዚያን ጊዜ ገበያው በሙሉ ያየኝ መሰለኝ።

እንዴት እንደተረፍኩ አትጠይቁኝ። ወጥ ስለፈሰሰባቸው ልጆች፣ የሚጥል በሽታ ምድጃ ላይ ስለጣላቸው ሰዎች ስለፈልፍ፣ እማማ ቀስ በቀስ ፊታቸው ተፈታ። ዱካ ስበው አስቀመጡኝና “ለመሆኑ ዶሮ ስንት ብልት አላት?” አሉኝ።

“ስምንት?”

“ሐኪም!” አሉ፣ ለባለዶሮው። ያቺን ቃል እንዴት እንዳሏት ብትሰሙ! “12 ናት። ቆዳዋንማ ገፈን እንጥለው የለ? ለፋሲካ ብትመጣ በነፃ በጆንያ ትጭን ነበር።”

እስከዚያው በብርቱካን ልጣጭ እየተለማመድኩ ነው። ሾላ ዙሪያ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለፋሲካ የዶሮውን ቆዳ አትጣሉብኝ።