ብርድ የሚችል ዛፍ ለኮኪት

የእህቴ ልጅ ከጎንደር ሲመጣ የጫነው ስኳር መስሎኝ ምርቃቴን አሰናድቼ ስጠብቅ፣ ከከረጢቱ ቀጫጭን ችግኞች መዘዘ። አፕል ነው!

«አጎቴ፣ ድንክ ዝርያ ነው፤ ቁመቱ ከእርስዎ አይበልጥም። ብርድም ውርጭም ይችላል።»

የምን ውርጭ? እዚህ ሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ኮኪት ውስጥ ሰው የሚንቀጠቀጠው ወባ ሲይዘው ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ አልጋችንን ግቢ አውጥተን የምናድር ሰዎች ነን። ሙቀት የሚችል ቢለኝ ኖሮ ቡና አስፈላለት ነበር።

ዝም ልል ነበር፤ ግን አልችልበትም። አፕል የቼንቻ ነው። እዚያ ጉም በማይለየው የጋሞ ደጋ ሚሲዮናውያን ካስገቡት ወዲህ ሰዉ በፍሬውም በችግኙም ኑሮውን ደጉሟል። ዛፉ ብርድ ካላገኘ እምቡጡ አይነቃም፤ ብዙው ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች እስከ 1000 ሰዓት መቆየት ይፈልጋል። «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉት 300 ሰዓት እንኳ ይበቃቸዋል፤ ልጁም «እነሱን ነው ያመጣሁልዎት» ብሎ ደረቱን ይነፋል። እሺ፣ 300ውን ሰዓት ከየት ላምጣ? በኮንትሮባንድ? ከድንበሩ ማዶ ያለው ገላባትም እንደኛው ይነዳል።

በማግስቱ ችግኞቹን ተክሎ፣ ከለስላሳ ሻጩ በረዶ ገዝቶ ሥራቸው ላይ ሲከምር ደረስኩበት። እኔ አጎቱ ከጀሪካን የሞቀ ውሃ እየጠጣሁ!

ድንክነቱ ደግሞ ሌላ ጉድ። ዛፉን የሚያሳጥረው የተዳቀለበት ሥር ነው አሉ፤ እንግሊዞች ኢስት ሞሊንግ በተባለ የምርምር ጣቢያቸው ለይተው ያወጡት ኤም 9 የሚሉት ሥር አለ። ሥሩ ደካማ ስለሆነ ዕድሜውን ሙሉ በእንጨት ተደግፎ ይኖራል። ለእንግሊዝ ጓሮ ይሁን፤ ፍየል አይገባበትም። የኛዋ ፍየል ግን አንገቷን ቀና ማድረግ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ሁለቱን ችግኞች እስከ ግንዳቸው በልታ ፊቴ ቆማ አመሰኳች። ደግሞስ ከሥሩ አጎዛ አንጥፈው የማይቀመጡበት ምን ዛፍ ነው? በዚህ አገር ዛፍ መጀመሪያ ጥላ ነው፤ ፍሬው ምርቃት ነው።

አፕል ካማረህ አፕል ማንጎ የሚባል አለልህ፣ አልኩት። ኬንት አለ፣ ቶሚ አትኪንስ አለ። የተዳቀለ ማንጎ በሦስት በአራት ዓመቱ ይሰጣል፤ ከፍሬው የበቀለውን ልጠብቅ ብል ግን እኔ አልደርስበትም። ብቻ ችግኝ ስትገዛ ቅጠሉን ገልብጠህ እይ፤ በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ ተባይ በችግኝ ነው አገር የሚዞር። ስትተክል ደግሞ ምስጡን አትርሳ። ይህን ሁሉ ስነግረው ስልኩን ይነካካል።

አጥሬ ጥግ ያለውን ቁርቁራ ማን ተከለው? ማንም። ማን አጠጣው? ማንም። የሰፈሩ ልጅ ግን ሲለቅም ይውላል፤ በረዶ የገዛለት የለም።

አንዷ ችግኝ ተርፋለች። እሾህ አጥሬባታለሁ፣ በየማታው ጀሪካን ውሃ ይፈስላታል፤ አፍሳሹ ማን እንደሆነ አልናገርም። ልጁ ከጎንደር እየደወለ «አጎቴ፣ ቅጠል ጨመረች?» ይለኛል። ወገቤ እንዴት እንዳደረ የሚጠይቀኝ ካርዱ ሊያልቅ ሲል ነው።