የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው?

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ ጫካው በሚወጣው ሰፈራችን፣ ማን ማንን እንደከሰሰ የማያውቅ የለም። ዳገቱ ወገብ ላይ ጉሊት የተቀመጠችው ሴትዮ ቲማቲም እየመረጠችልህ የሦስት ግቢ የወሰን ክርክር ከነይግባኙ ታወራሃለች። ከሳሹን ታውቃለች፤ ተከሳሹን ታውቃለች፤ የሐሰት ምስክሩ ምን እንደተገዛለትም ታውቃለች። የማታውቀው የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ነው። መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ስትቆም የሚጠይቁህ ደግሞ እሱኑ ብቻ ነው።

እኔን እዚያ መስኮት ላይ ያቆመችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ባለችባት በአሜሪካዋ ሜሪላንድ የግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች መዝገባቸውን ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት አድርገዋል። ስም ትጽፋለህ፤ የኪራይ ሙግቱም የትራፊክ ቅጣቱም ተግተልትሎ ይወጣል፤ አይከፈልበትም። የአገራችን ሰው ይህን ካወቀ ወዲህ እዚያ ሽማግሌ የሚልክ ጎረምሳ ሁሉ ዘሩ ከመጠየቁ በፊት በስንት ማይል ሲበር እንደተያዘ ይጣራል አሉ። ልጅቷ የአያታችንን ቤት አፍርሳ ልትሠራ አስባ ኖሮ፣ «ከጎረቤት ጋር የተካሰሱበትን ፍርድ ላክልኝ እስቲ። ምን አለው፣ ስሙን ጻፍና ፈልገው» አለችኝ።

ስሙን ጻፍና!

ኃይለ ሥላሴ የሚባል ሰው ተከሷል እንበል። የመጀመሪያው ፊደል ሀ ነው? ሃ? ሐ? ሓ? ኀ? ኃ? ስድስት አማራጭ አገኘህ። «ሥ»ን በንጉሡ ሠ ወይ በእሳቱ ሰ መጻፍ ይቻላል፤ «ሴ»ንም እንዲሁ። ስሙ ተቀጥሎ ወይ ተነጣጥሎ ሊጻፍም ይችላል። አባዛው፤ 48 ይመጣል። ለሰው 48ቱም አንድ ሰውዬ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን 48 ተከሳሾች ናቸው። ጸሐፊው ቸኩሎ «ኃ/ሥላሴ» ብሎ በጭረት ከቆረጠው ሒሳቡን እንደገና ጀምር። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን የአባት ስም ጨምረህ ብትፈልግ ደግሞ የማታውቃቸው መንታዎች ይመጡልሃል።

«እነ»ን ደግሞ አትርሳ። ስድስት ወንድማማቾች በአንድ ክስ ሲቆሙ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው የአንዱ ስም ነው፤ ከፊቱ «እነ» ይጨመርበታል። የቀሩት አምስቱ እዚያች ሁለት ፊደል ውስጥ ተጠቅልለው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። አያታችን ከሳሽ ይሁኑ «እነ» ውስጥ ይሁኑ ከቤተሰቡ የሚያስታውስ አልተገኘም።

እሺ፣ ቁጥሩ ተገኘ። የየትኛው ፍርድ ቤት ቁጥር ነው? የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የካ ምድብ ችሎት አለው፤ የከተማው ፍርድ ቤትም የካ ምድብ አለው። ባለጉዳይ አንደኛው ጋ ግማሽ ቀን ተሰልፎ «ይሄ የኛ አይደለም» መባል ብርቁ አይደለም። የ1995ቱ ቻርተር፣ አዋጅ 361፣ የይዞታና የቀበሌ ቤት ክርክሮችን ለከተማው ፍርድ ቤት ሰጠ፤ የወራሽነት ማስረጃ ደግሞ በ1996ቱ ማሻሻያ ተጨመረለት። ስለዚህ አባቱ ቀደም ብለው የሞቱበትና ዘግይተው የሞቱበት ሰው መዝገባቸው የተለያየ ግቢ ነው። ከ1988 በፊት የሆነ ነገር ከሆነ አውራጃ ፍርድ ቤት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት እያልክ ሽማግሌ ትጠይቃለህ። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ የታየ ከሆነማ የሸንጎው ሊቀ መንበር ልጆች የት እንደሚኖሩ ብትጠይቅ ይሻላል። የክፍለ ከተማው ወሰንም ባለበት አይቆይም፤ አያት ሰፈር ያሉት ዘመዶቻችን እንኳ ግድግዳቸው ሳይነቃነቅ በ2013 ከየካ ወጥተው ለሚ ኩራ ገብተዋል።

ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። ገብተህ፣ ስልክህን ዘግተህ፣ የማያገባህን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ማዳመጥ መብትህ ነው፤ ጡረተኛ ጎረቤቴ ከቴሌቪዥን ድራማ የሚመርጠው እሱን ነው። መዝገቡን አውጡልኝ ስትል ግን ጥያቄው ይለወጣል፤ ተከራካሪ ነህ፣ ወኪል ነህ፣ ጠበቃ ነህ? ወኪል ነኝ ካልክ ከውልና ማስረጃ የወጣ ውክልና። ተከራካሪው ሞተው ወራሽ ነኝ የሚል ደግሞ የወራሽነት ማስረጃውን ያምጣ። ማስረጃው ራሱ የፍርድ ቤት መዝገብ ነው፤ የራሱ ቁጥር አለው፤ እሱንም መጀመሪያ መፈለግ አለብህ።

ሙግታቸው ሰበር የደረሰ ሰዎች ዕድላቸው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ 454 ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ውሳኔው በቅጽ በቅጹ ታትሞ፣ ድረ ገጽም ላይ ተጭኖ፣ ከነሙሉ ስማቸው ይነበባል። የሕግ ተማሪ ሁሉ የማያውቃቸውን የባልና ሚስት ጠብ በመዝገብ ቁጥር ሸምድዶ ለፈተና ይገባል። የኛ አያት እዚያ አልደረሱም።

ለልጅቷ አንድ ቁም ነገር ነገርኳት፤ ለአንባቢም ይጠቅማል። የሚያስጨንቅሽ ቤቱ ላይ ዕግድ መኖር አለመኖሩ ከሆነ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መዞሩ ትርፉ ድካም ነው። ዕግድ የሚሰጠው ዳኛ ቢሆንም ትእዛዙ የሚሄደው ይዞታውን ወደሚመዘግበው ክፍል ነው፤ ተጠፍንጎ የሚቀመጠውም የቤቱ ማኅደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለይዞታውን ይዘሽ ማኅደሩን አስፈትሺ። ቤት ገዥም ቢሆን ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት ሻጩን እዚያ ይዞት ይሂድ።

«እሺ፣ ነሐሴ ላይ ስመጣ እኔው እጨርሰዋለሁ» አለች። ዲያስፖራ የሚመጣው ነሐሴ ነው። ፍርድ ቤት የሚዘጋው ከነሐሴ መባቻ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው፤ ያኔ ያለው ተረኛ ችሎት ነው፤ ተረኛ ችሎት ደግሞ ለአስቸኳይ ጉዳይ እንጂ ያረጀ የወሰን ክርክር ለናፈቀው ሰው አልተቀመጠም።

ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ችሎት ያስችሉ በነበረ ጊዜ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ተሟጋቾች ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ ነበር። ሙግት የፈለገ ሰው መንገድ ዳር ይቆማል፤ መዝገቡ በአራት እግሩ ይመጣለታል። በ1900 ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፍርዱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። ሚኒስቴር ካለ ወረቀት አለ፤ ወረቀት ካለ ቁጥር አለ።

የአክስቴ የእቴቴ መዝገብ ቤት አልጋዋ ሥር ያለች የቆርቆሮ ሻንጣ ናት። ውስጧ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል። የውሃ ቢል፣ የዕድር ደብተር፣ የዛሬዋ የሲልቨር ስፕሪንግ እመቤት የክትባት ካርድ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጉርድ ፎቶ። ከሥር አንድ መጥሪያ ወጣ። ቀኝ ጥግ ላይ «የመ/ቁ» ይልና ክቡ ማኅተም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ልክ ቁጥሩ ላይ አርፏል። ሐምራዊው ቀለም አንዱን አኃዝ ውጦታል። ወደ በረንዳው ይዘነው ወጣን።

«3 ነው» አለች እቴቴ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

«8 ይመስለኛል።»

«አንተ ደግሞ! አባቴ 8 አይወድም ነበር።»

እያዟዟርን በፀሐይ ስናየው የዚያኛው ግቢ እማማ ለቡና መጡ። እማማ ማለት ከአያታችን ጋር የተካሰሱት ሰውዬ ባለቤት ናቸው። ባልየው ካረፉ ቆይተዋል፤ አቦል ግን ያለ እማማ አይቀዳም። ወረቀቱን አዩ፤ እኔን አዩ። በኛ ሰፈር መዝገብ የሚፈልግ ሰው ሊከስ ነው።

«ማንን ልትከስ ነው፣ ልጄ?»

«ማንንም። ቁጥሩን ብቻ ነው የፈለግነው፣ እማማ።»

«እሱማ እኛ ጋ አለ። ማን ጠየቀኝ?»

ሄደው ዳዊታቸውን ይዘው መጡ። መጥሪያው መካከሉ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ማኅተሙ ቦታውን ይዟል። 3ም 8ም አልነበረም፤ 5 ነው።

ውክልናዬን አስይዤ፣ ማመልከቻ ጽፌ፣ ለግልባጭ ከፍዬ መዝገቡ ወጣ። ጫፉ በክር የታሰረ፣ አይጥ ማዕዘኑን የቀመሰችው የካርቶን ፋይል። በቤታችን ታሪክ አያታችን ይህን ክርክር በፍርድ ረትተዋል፤ ዳኛው «እውነትም ባላባት» ብሎ ከወንበሩ ተነሥቷል ሲባል ነው ያደግነው። ፋይሉ ውስጥ ባላባት የሚባል ነገር የለም። ክርክሩ በወሰኑ ላይ ስለቆመ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት መስመር በእጅ ተጽፏል፤ ግራ ቀኙ ስላልቀረቡ መዝገቡ ተሰርዟል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።

ለሲልቨር ስፕሪንግ ፎቶ አንሥቼ ላክሁ። «ግራ ቀኙ ማን ነው? ማን ረታ ማለት ነው?» ብላ ጻፈች።

ለሁለቱ ሴቶች ቡናው ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሁለቱ አንድ ቀን እንዴት አብረው ይቀራሉ ብለው ተገረሙ።

«ቀኑን እስቲ» አለች አክስቴ።

«ጥር 12 ቀን 1991።»

ዝም ተባባሉና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነው፤ የየካ ሰው እንኳን ለቀጠሮ ለሞትም ጊዜ የለውም።

«ዳኛው የየካ ልጅ አይደለም ማለት ነው» አለች እቴቴ ዓይኗን እየጠረገች።

«እሱማ» አሉ እማማ ሲኒያቸውን ወደ ረከቦቱ እየመለሱ፣ «ከአነጋገሩም ያስታውቅ ነበር።»