ያልደረቀ ሸሚዝ፦ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ተጽፏል። ስለ ቡናው ተጽፏል፤ ስለ ማሩ፣ ስለ ኮረሪማውና ስለ ቁንዶ በርበሬው ተጽፏል። የካፋ ደን በ2002፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ከተመዘገቡ ወዲህ ስለ ዛፎቹ የተጻፈው ወረቀት ራሱ ትንሽ ደን ይወጣዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ተመራማሪዎች አንድ ጉዳይ ዘለዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ታጥቦ የተሰጣ ሸሚዝ ሐሙስ ማታ ሲዳሰስ ለምን እርጥብ ይሆናል? ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ መነሻ

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሀገራችንን የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ብለው ለዓለም አስተዋወቋት። መፈክሩ በጎንደር፣ በሐረርና በመቀሌ ሲፈተሽ ይህ ነው የሚባል ችግር አልታየበትም። ቴፒ ሲደርስ ግን ረጠበ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ተፋሰስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ የኢትዮጵያን ከፍታ ሲነካ ሸክሙን መጀመሪያ የሚያራግፈው በዚህ በኩል ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አግኝታ ስታማርር፣ በዚህ አካባቢ 2000 የሚያልፍበት ቦታ አለ። ተማሪ ቤት ክረምት ሰኔ ይገባል ብለው ያስተማሩን መምህራን አልዋሹም፤ ዝናቡ እዚህ ከመጋቢት ጀምሮ ገብቶ ቁጭ ማለቱን ያልነገሯቸው ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ።

የጥናቱ ወሰን

ጥናቱ ሚዛን ተፈሪን፣ መንታዋን አማንንና ቴፒን ይሸፍናል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ርዕሰ ከተማነቱን ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተካፍለውታል። ፀሐይን በዚሁ መልክ የሚያካፍል አዋጅ ስላልወጣ ሁሉም የደረሰውን ያህል ይጠቀማል።

ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ከጥናቱ ውጭ ሆነዋል። በእነዚህ ወራት ልብስ ስለሚደርቅ የሚጠና ነገር የለም።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናውን የመረጠው ዝናቡ ነው። ዶፍ ሲወርድ ከጥናት አቅራቢው ጋር አንድ በረንዳ ሥር የተጠለለ ሁሉ ተሳታፊ ሆኗል፤ እስኪያባራ ድረስ መሄጃ ስላልነበረው ቃለ መጠይቁን አቋርጦ የወጣ የለም።

የቡድን ውይይቱ የተካሄደው ቡና ላይ ነው። ቡና ሦስት ዙር መሆኑ ለምርምር ያለው ጥቅም እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም። አቦል ላይ የተባለው ቶና ላይ ይጣራል፤ በረካ ላይ ደግሞ ተናጋሪዋ ራሷ «ኧረ እኔ እንዲያ አላልኩም» ትላለች። እዚህ የቀረበው ከበረካ የተረፈው ብቻ ስለሆነ አንባቢ ሊተማመንበት ይችላል።

ግኝት አንድ፦ ስለ መድረቅ

ልብስ የሚደርቀው ውሃው ወደ አየር ሲሄድ ነው። አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ከተቀመጠ ውሃው የት ይሂድ? ስለዚህ የታጠበ ልብስ በሦስት ይመደባል።

የመጀመሪያው ተስፋ ያለው ልብስ ነው። ነጠላ፣ ስስ ሸሚዝና የሕፃን ልብስ እዚህ ይገባሉ። በሁለት ዝናብ መካከል የምትገኝ አጭር ፀሐይ ከነፋስ ጋር ከተባበረች እነዚህን ታደርሳቸዋለች።

ሁለተኛው ተስፋው ካውያ ላይ የቀረ ልብስ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ዋናው ምሳሌ ነው። እሑድ ይታጠባል፤ ሰኞ ንጋት ላይ አሁንም ይቀዘቅዛል። መብራት ካለ በኤሌክትሪኩ፣ ከሌለ በከሰል ካውያ ይተኮሳል። ልጁ እንፋሎት እያወጣ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ አጠገቡ ያለውም እንፋሎት ስለሚያወጣ ማንም አይገረምም።

ሦስተኛው ጂንስ ነው። ጂንስ በዚህ አካባቢ አየር ላይ ያለው አቋም የማያወላውል ነው። እግሩ ቢደርቅ ኪሱ አይደርቅም፤ ኪሱ ቢደርቅ የወገቡ ጥምዝ ስፌት ውሃውን ይዞ ይጠብቃል። ባለቤቱ በመዳፉ ጨብጦ «ደርቋል» ይላል፤ ለብሶ ሲቀመጥ ግን እውነቱን በራሱ አካል ያረጋግጣል።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ባሉት ሁለቱም ከተሞች ካምፓስ ስላለው፣ በየዓመቱ ለዚህ ጥናት ትኩስ ተሳታፊዎችን ያመጣል። ከጅግጅጋ ወይም ከመቀሌ የተመደበ አዲስ ተማሪ ሁለት ጂንስ ይዞ ይደርሳል። አንዱን ይለብሳል፣ ሌላውን ያጥባል። ዕቅዱ ጅግጅጋ ላይ እንከን የለውም። ሚዛን ላይ ግን የታጠበው ሳይደርቅ የተለበሰው ይቆሽሻል። ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ልጁ ቁምጣ ለብሶ ሲታይ ቤተሰቦቹ በፎቶው አካባቢውን እንደለመደው ይረዳሉ።

ግኝት ሁለት፦ ስለ ዝናብ ዓይነቶችና ስለ ማስጠንቀቂያው

የማስጫ ገመድን ጉዳይ የሚመለከቱ ዝናቦች አራት ናቸው። ካፊያ አታላይ ነው፤ «ይቺማ ታልፋለች» እያስባለ ልብሱን አርሶት ይሄዳል። ዶፍ ሐቀኛ ነው፤ መምጣቱን ከሩቅ ያሳውቃል። ወጨፎ በነፋስ እየተገፋ በጎን ስለሚገባ በረንዳ ላይ የተሰጣውንም አይምርም። አራተኛው ፀሐይ እየታየ የሚዘንበው፣ ጅብ ወለደች የሚባልበት ነው። ልብሱን ሲያስገቡት ፀሐይ ይሆናል፤ ሲተዉት ይዘንባል። በዚህ አካባቢ ከሚከሰትበት ብዛት አንፃር የጅቦቹ ቁጥር የሚመለከተውን አካል ሊያሳስብ ይገባ ነበር።

በሬዲዮ «የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ዝናብ ያገኛሉ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው አልተገኘም። የሰፈሩ ሰው የሚተማመንበት መሣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዶፉ ከደኑ በኩል ሲነሳ መጀመሪያ የዳር ቤቶች ጣሪያ ይጮኻል፤ ከዚያ የሚቀጥለው፣ ከዚያም የሚቀጥለው። በዳርኛው ጣሪያና በራስ ጣሪያ መካከል ያለው ጊዜ ለሠለጠነ ሰው አንድ ሙሉ ገመድ ለማራገፍ ይበቃል። ላልሠለጠነ ሰው ደግሞ ነጠላ ጫማ ለመፈለግ ብቻ።

ግኝት ሦስት፦ ስለ አገባብ ቅደም ተከተል

ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይገባል? በአማን አንድ ግቢ ውስጥ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የታየው እንዲህ ነው።

የዳርኛው ቆርቆሮ እንደጮኸ አንድ ሕፃን «ዝናብ መጣ!» ብሎ ለፈፈ። እናቱ ከማዕድ ቤት ወጣች። ገመዱን አልፋ ሄደች። የቡናውን ሸራ አራቱን ማዕዘን ሰብስባ ጀንፈሉን እየጎተተች ከጣሪያ ሥር አደረሰችው። ቀጥሎ የበርበሬው ስፌድ ገባ። ከዚያ ዩኒፎርሙ፣ ከዚያ ነጠላዋ፣ ከዚያ በሁለት ሰው የሚጎተተው ብርድ ልብስ። መቆንጠጫዎቹን በጥርሷ ይዛ ስለነበር ትእዛዝ የምትሰጠው በአፍንጫዋ ነው፤ ልጁ ግን ሁሉንም ይረዳል። በዚህ ጊዜ አባወራው በር ላይ ብቅ ብሎ «ቡናው ገባ?» ሲል ጠየቀ። ቡናው መግባቱ ሲነገረው ተመልሶ ገባ። ገመዱ ላይ የቀረው የራሱ ጂንስ ነበር። በኋላ ቡና ላይ ስትጠየቅ ሚስት «እሱ ድሮም እርጥብ ነው» የሚል ማብራሪያ ሰጥታለች።

ቡና የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢ ቡና ቀድሞ ስለሚቀላ ለቀማው የሚጀመረው ዝናቡ ገና ሳይወጣ ነው። ቀዩ ቡና ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ለመሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይፈልጋል፤ እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ይገላበጣል። በመካከል ከረጠበ ይሻግታል። ሸሚዝ ቢረጥብ ይሸታል፤ ቡና ቢረጥብ ደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው ሲወርድ የሚቀጥለው ዓመት ሸሚዝ አይገዛም። በ10 ሺህ ሄክታር የሚገመተው የበበቃ የቡና እርሻ ማድረቂያ አልጋም ሠራተኛም አለው። የጓሮ ቡና ግን ያለው አንዲት ሸራና አንዲት እናት ብቻ ነው።

ግኝት አራት፦ ስለ ጎረቤት

የጥናቱ ዋና ግኝት ይህ ነው። በእነዚህ ከተሞች ልብስን ከዝናብ የሚያድነው ገመዱም፣ በረንዳውም፣ ትንበያውም አይደለም። ጎረቤት ነው። ሥራ የዋለ ሰው መንገድ ላይ ዶፍ ሲይዘው ስለ ራሱ አያስብም፤ ስለ ገመዱ ያስባል። በስብሶ ግቢ ሲደርስ ገመዱ ባዶ ነው።

«እትዬ፣ ልብሴን ማን አስገባልኝ?»

«ማን ያስገባልሃል፣ እኔ ነኛ! ግባ፣ ቡና ደርሷል።»

ይህ አሠራር ያልተጻፈ ግን የጸና ሕግ አለው። አንደኛ፣ ቤት ያለ ሰው የሌለውን ሰው ልብስ ማስገባት ግዴታው ነው፤ የተኳረፉ ሰዎች ልብስ እንኳ ከዚህ አይገለልም። ኩርፊያ ለሰው ነው፣ ሸሚዝ ምን አደረገ? ሁለተኛ፣ የውስጥ ልብስ ሲገባ በፎጣ ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ሰጪም ተቀባይም ፎጣ ብቻ እንዳለ ሆነው ይነጋገራሉ። ሦስተኛ፣ መቆንጠጫ የጋራ ሀብት ነው። ከሌላ ቤት ገመድ ላይ የራሱን መቆንጠጫ ያየ ሰው እንዳላየ ያልፋል፤ በራሱ ገመድ ላይም የማን እንደሆኑ የማያውቃቸው አሉና። አራተኛ፣ ጠፍቶ የሚቀር አንድ እግር ካልሲ ቢኖር አስገቢዋ አትጠየቅም። አምስተኛ፣ ውለታው በገንዘብ አይመለስም። የሚመለሰው ቡና በመጥራት ነው፤ በቤንች ብሔረሰብ ቤት ከሆነ ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ የሚፈላው ጨሞ ይቀርባል።

ውይይት

ግኝቱን ከዓለም ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በአሜሪካ ልብስ ደጅ ማስጣት የሰፈሩን መልክ ያበላሻል ብለው የሚከለክሉ የመኖሪያ መንደሮች አሉ። ፍሎሪዳንና ቬርሞንትን የመሰሉ ግዛቶች የማስጣት መብትን በሕግ ማስጠበቅ ግድ ሆኖባቸዋል። ወደዚያ የተሻገረ የሚዛን ልጅ ልብሱን በማሽን አድርቆ፣ ትኩስ ትኩሱን ለብሶ ይወጣል። ልብሱን ማንም አላስገባለትም፤ ስለዚህ ቡና የሚጠራው ሰው የለውም። እኛ ዘንድ ማስጣት መብት ነው፣ መድረቅ ዕድል ነው፣ ማስገባት ደግሞ ዝምድና ነው።

ዝናቡን በደፈናው መውቀስም አይቻልም። ልብስ ገብቶ ካለቀ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው የሚሰሙት የቆርቆሮ ድምፅ ደስ የማይለው ተሳታፊ አልተገኘም። ያው ድምፅ ልብስ ውጭ ካለ ስድብ ነው። የቡናውም ነገር እንዲሁ ነው። በኅዳር «ምነው ቢበቃህ» ተብሎ የሚለመነው ዝናብ፣ በየካቲት መጨረሻ «ምነው ቀረህ» ተብሎ ይለመናል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ካልነካው ቡና አያብብማ። ካበበ በኋላ ግን ግቢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያውድ፣ ገመድ ላይ የዋለ ልብስ ያንን ጠረን ይዞ ይገባል። ለዚህ የሚሆን ሳሙና ገበያ ላይ አልተገኘም።

የጥናቱ ውስንነት የበጀት እጥረት ነው። ይህ በሁሉም ጥናት ስለሚጻፍ እዚህም ተጽፏል። ከዚህ ሌላ የጥናት አቅራቢው ማስታወሻ ደብተር ለግማሽ ቀን ረጥቦ ስለነበር አንዳንድ ገጾች አሁንም ገመድ ላይ ናቸው።

የመፍትሔ ሐሳብ

ወደ ሚዛን ወይም ወደ ቴፒ ተዛውራችሁ ቤት የምትከራዩ ሰዎች፣ ደላላውን ስለ ውሃና ስለ መብራት መጠየቃችሁ መልካም ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከቀኑ 9 ሰዓት ግቢ ውስጥ ማን ይኖራል? መልሱ «ማንም» ከሆነ ኪራዩ ቢረክስም ተዉት። «አንዲት እናት አሉ» ከተባላችሁ ሳትከራከሩ ቀብድ ክፈሉ፤ በገባችሁ በመጀመሪያው እሑድ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ደጃቸውን አንኳኩ። ቤት የምትውሉም ዳርኛው ቆርቆሮ ሲጮኽ የጎረቤቱን ልብስ አስቀድሙ። ጂንሱን ግን ተዉት፤ ዝናብ ባይመታውም ለፋሲካ አይደርስም።