ለሚወዛወዙ መስኮቶች ክብር

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት መምህራን ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች ያካፍላል፣ ፋይል ያስቀምጣል፣ ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ያግባባል እያሉ ደክመዋል። ምስኪኖች! የኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አወዳዳሪ የሆነው ሊቅ ግን ከዚህ ሁሉ ድካም በአንዲት ጥያቄ ገላግሏቸዋል፤ መስኮቱ ሲጎተት ይወዛወዛል ወይስ አይወዛወዝም?

ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

የጥበቡ አባት ስቲቭ ጆብስ ናቸው ቢባል አያስወቅስም። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2000 አኳ የተባለውን የማክ ገጽታ ሲያስተዋውቁ፣ ዓላማው ያየው ሰው ሁሉ ሊልሰው እስኪያምረው ድረስ ማስዋብ እንደነበር ተናግረዋል። በዓመቱ ገበያ የወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ፣ መስኮት ሲሸጎጥ ጂኒ ወደ ፋኖሱ እንደሚገባ አድርጎ እያጠበበ ወደ ታች ይስበዋል። ሺፍት ተጭኖ ለሸጎጠ ደግሞ ትርኢቱ በዝግታ ይታያል። ኮምፒውተርን ሆን ብሎ የሚያዘገይ ቁልፍ! የዊንዶውስ ሰፈር ሰዎች ይህን በረከት ያገኙት አንድም ቁልፍ ሳይነኩ ነው።

የሊኑክስ ሰዎችም ስለ ነፃ ሶፍትዌር ሰብከው ሰብከው ሰሚ ሲያጡ፣ በ2006 የኖቬል ባልደረባ የነበረው ዴቪድ ሬቭማን ኮምፒዝን አበረከተላቸው። ዴስክቶፑ ባለ አራት ገጽ ኪዩብ ሆኖ ይሽከረከራል፤ መስኮቱ እንደ ረጋ እርጎ ይርገፈገፋል፤ ስክሪኑ ላይ ዝናብ ያንጠባጥባል። ደብዳቤ ሲጽፉ ዝናብ ዘንቦባቸው የማያውቁ ሠራተኞች ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ የዋዛ አልነበረምና በዚያው ዓመት በሪል የሚባል ቡድን ተገንጥሎ ወጣ፤ በዓመቱም ኮምፒዝ ፊውዥን በሚል ስም እርቅ ወረደ።

ማይክሮሶፍት ግን ሁሉንም አስከነዳ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ፣ ኤሮ የሚባል መስታወት ተገጥሞለት ነበር፤ ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ነገር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ከጀርባ ያለን ነገር አደብዝዞ ማየት ለየትኛው ሥራ ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ፣ ጥበብ ያልገባው ሰው ነው። ለመስታወቱ 1 ጊጋባይት ራምና 128 ሜጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ተጠየቀ። ችግሩ፣ ኤሮን ማሳየት የማይችሉ ማሽኖችም «ለቪስታ ብቁ» የሚል ተለጣፊ ተለጥፎባቸው መሸጣቸው ነው። ገዢዎች ከሰሱ። በክርክሩ አደባባይ ከወጡት የኩባንያው የውስጥ ኢሜይሎች አንዱ የምክትል ፕሬዚዳንቱ የማይክ ናሽ ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ገዝተው የተረፋቸው የ2,100 ዶላር የኢሜይል ማሽን እንደሆነ ጽፈዋል። ምላሰኞች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይሉ ይሆናል። አወዳዳሪው ግን ነጥቡን ለመስታወቱ ሰጥቶ ወደ ቀጣዩ ዙር አለፈ።

ቀጣዩ ዙር ቨርቹዋላይዜሽን ነው። እዚህ ላይ ዳኝነቱ ያስቸግራል፤ ተወዳዳሪዎቹ አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ መግባት ይጀምራሉና። ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው፤ እውነተኛው ኮምፒውተር ከራሙና ከፕሮሰሰሩ ቆርሶ ይሰጠዋል፣ ሃርድ ዲስኩ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ ለግዙፍ ማሽኖቹ ያበጀውን ይህን ዘዴ፣ ቪኤምዌር በ1999 ተራው ሰው ጠረጴዛ ላይ አደረሰው። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ፓራለልስ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ማኮች ላይ ዊንዶውስን ማስኬድ ያዘ። «ዊንዶውስ ደጄን አይረግጥም» ብሎ የማለው የማክ ወዳጅ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ መሆኑን ሲያውቅ በጓሮ በር አስገባው። አልሸሹም ዞር አሉ።

ማይክሮሶፍትም ለጓሮው በር ዘበኛ አቆመ፤ ርካሾቹ ሆም ቤዚክና ሆም ፕሪሚየም ቪስታዎች በቨርቹዋል ማሽን እንዳይጫኑ በፈቃድ ውሉ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው በጃንዋሪ 2008 ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አልቸገረውም፤ የቸገረው ወረቀቱን ነው።

ከሁሉ የከፋው ሐዘን ግን ሌላ ነበር። እንግዳው ሲስተም እውነተኛ ግራፊክስ ካርድ ስለማያገኝ መስታወቱ ጠፋ። ሰነዱ ይከፈታል፣ ሒሳቡ ይደመራል፣ ግን ምን ዋጋ አለው? ደግነቱ በኦክቶበር 2009 ቪኤምዌር ፊውዥን 3 ኤሮን ማክ ውስጥ አበራው፤ መስታወት በመስታወት ላይ ተደረበ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዊንዶውስ 8 መስታወቱን ነቅሎ ጣለው። አወዳዳሪው ወዲያው ዘመናዊነት ጠፍጣፋነት መሆኑን አወጀ። በ2025 አፕል ሊኩዊድ ግላስ ብሎ ሲመጣ ደግሞ ዘመናዊነት ተመልሶ መስታወት ሆነ። ጽሑፉ አልነበብ ያለው ሰው ግልጽነቱን የሚቀንስበት ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ ተቀምጦለታል።

በዚህ ውድድር ዜሮ ያገኙም አሉ። ቪስታ ገበያ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላ የሊኑክስ ከርነል 2.6.20 ኬቪኤም የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሞተር ይዞ ወጣ። አይወዛወዝም፣ አይሽከረከርም፣ አያንጸባርቅም። ዛሬ የጉግል ክላውድ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚሠሩት በእሱ ነው። ዜሮ።

ሁለተኛው ባለ ዜሮ የቪስታው የራሱ ልጅ ነው። ያ መስታወታም ሲስተም ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጥቶ ነበር። ቀድሞ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ፣ የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ክምር ሆኖ ይገኝ ነበር። ኒያላ ግን ጥላ አይጥልም፣ እንደ እርጎም አይርገፈገፍም፤ ስለዚህ ከአወዳዳሪው ሠንጠረዥ አልገባም። መስታወቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ተነቅሏል። ዊንዶውስ ዛሬም የግዕዝ ፊደል ይዞ ይመጣል።