ውዳሴ መጥረቢያ

ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የማገሩበት፣ የአጥር ቋሚ ያቆሙበት ለዚህ ነው። ከምስጥ የባሰ ፍጥረት ይመጣል ብለው ግን አላሰቡም። እኛ መጣን። ምስጥ አሽትቶ የተወውን ግንድ በአንድ ቅዳሜ ከምድጃ ከተን ሽሮ አንተከተክንበት። እንኳን ደስ ያለን!

ጥድ ደግሞ ሲያድግ ችኮላ አያውቅም። ሰው ወልዶ፣ ድሮ፣ የልጅ ልጅ እስኪስም እሱ ገና ግንድ ለመሆን ያስባል። ይህን ሰነፍ ማን ይታገሠዋል? ሲፈለጥ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ አዲስ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ሽታ ግቢውን ያውደዋል። ፈረንጆቹ እርሳስ ሠርተውበታል። እኛ ምን የሚጻፍ ነገር አለንና! ድንች እንቀቅልበታለን።

ነገሥታቱም የለፉት ለእኛ ድግስ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። መቼም ለምንጭና ለጥላ ብለው አይደለም፤ ከ500 ዓመት በኋላ የሠርግ ወጥ ማገዶ እንዳያጣ አስበው ነው እንጂ! ነገሩን ያበላሸው ባሕር ዛፍ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደኑ ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። እንዴት ያለ መላ ነበር! አንዱን መላጨት፣ ወደ ሌላው መሄድ። ባሕር ዛፍ መጣና ከተማዋ ባለችበት ቀረች። ቶሎ ይደርሳል፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ኩሩ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አይመለስም። ለዚህ ነዋ እሱን የመረጥነው።

በክረምት ሹማምንት ቦቲ አጥልቀው ካሜራ ፊት ችግኝ ይተክላሉ። በበጋ በዚያው መንገድ ጥድ የጫነ አይሱዙ ያልፋል። ኬላ ላይ ሲጠየቅ መልሱ «የደረቀ እንጨት ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ተቆርጦ ያልደረቀ ዛፍ እስካሁን አልታየም።

ከዚህ ውዳሴ የምትቀረው ጭራሮ ተሸክማ ወገቧ የጎበጠ እናት ናት። እሷ ግንድ አልጣለችም፤ ኬላ ላይ «ሸክምሽን አውርጂ» የምትባለው ግን እሷ ናት።

ለማንኛውም፣ ለማገዶ ባሕር ዛፍ አለ። እንጀራ ለሚጋግርም የእንጨት ፍጆታን እስከ ግማሽ የሚቀንስ «ምርጥ» የተባለ ምድጃ አለ። የኬላ ጠባቂ ሆይ፣ ጭራሮውን ትተህ አይሱዙውን አስቁም። ደጋሽ ሆይ፣ ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት እንጨቱን አሽትት፤ እርሳስ እርሳስ ካለህ ከጫነው መኪና ጋር መልሰው። ገዢ ያጣ ጥድ አይቆረጥም።