ተውሶ የማይመልስ ዘመን

እናንተ የዘመኔ ሰዎች፣ እኔስ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። ልጆቼ ፍራንክፈርት፣ ስቶክሆልምና ዋሽንግተን ተበትነው፣ በደወሉ ቁጥር ናላዬን ያዞሩታል።

የፍራንክፈርቱ የልጅ ልጄ ገና በ10 ዓመቱ «አያቴ፣ ጂምናዚየም ገባሁ» አለኝ። ጡንቻህ ይፈርጥም ብዬ መረቅሁት። ለካስ በጀርመን ጂምናዚየም ማለት ቀለም የገባው ልጅ ለዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅበት ትምህርት ቤት ኖሯል! የስቶክሆልሟ ደግሞ በ16 ዓመቷ ነው የምትገባው፤ 3 ዓመት ትማርበታለች። የዋሽንግተኑ ጎረምሳ ግን እዚያው ቃል ውስጥ ኳስ ያነጥራል። የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም የጠሩት ወጣቶቻቸው ራቁታቸውን ስፖርት የሚሠሩበትን ቦታ ነበር፤ ፈላስፎችም እዚያው ያስተምሩ ነበር። እንግሊዝ ስፖርቱን፣ ጀርመንና ስዊድን ትምህርቱን ተቃረጡ። ራቁትነቱን ማንም አልነካው፤ ተመስገን ነው።

ይህ ሳያንስ ልጄ «ሼፌ ተቆጣኝ» ይለኛል። ምነው፣ ምግቡን ነቀፍክበት እንዴ? ለካስ አለቃውን ነው! ፈረንሳይ ሼፍ የሚለው አለቃን ነው፤ ጀርመንና ስዊድንም እንዳለ ወሰዱት። እንግሊዝ ግን «የወጥ ቤት አለቃ» የሚለውን ተዋሰና ወጥ ቤቱን ቆርጦ ጣለው፤ ሰውዬው ግን እዚያው ድስቱ ሥር ቀረ።

ለሠርግ «ስሞኪንግ እለብሳለሁ» ሲለኝማ፣ በስተርጅና ማጨስ ጀመረ ብዬ ስእለት ተሳልኩ። ጥቁር የእራት ልብስ ነው አሉ! ስሙ እንግሊዞች ሲያጨሱ ይደርቡት ከነበረው ኮት የመጣ ነው፤ ያንን የእራት ልብስ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው እንዲያ ብለው አይጠሩትም። ሞባይሉንም ጀርመኖች «ሄንዲ» ይሉታል። እንግሊዝኛ ይመስላል፤ ለእንግሊዝ ግን ቃሉ «ምቹ» ከማለት አያልፍም።

ኧረ የት አባቱ ሄደ ያ ዘመን! በእኛ ጊዜ አማርኛ የማንንም ደጅ አይጠናም ነበር። ሹፌር ሹፌር ነው፤ ጋራዥ ጋራዥ ነው። ካልሲያችንን ሳብ አድርገን፣ ፖስታችንን ልከን፣ ማኪያቷችንን ፉት ብለን፣ በንጹሕ አማርኛ ተግባብተን እንለያይ ነበር። የሰው ቃል ወስዶ እንዳሻው ማድረግ የፈረንጅ አመል ነው!

በሉ ደኅና ሁኑ። ማታ ልጆቹን ስለ አማርኛ ንጽሕና በቪዲዮ ኮል ልመክራቸው ቀጥሬያለሁና፣ ሞባይሌን ቻርጅ ላድርግ።